መምጫው ሲቀርብ በራችን ይከፈት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንጨዋወታለን። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ጌታ መምጣት ነው። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ባልና ሚስት ቤት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጌታ ቤት የምናውቃቸው ባልና ሚስት እኔና ባለቤቴ ዘንድ መጡ። ባልየው ጌታን የሚወድ ወንድም ነው። ስለ መጨረሻው ዘመን ያልሰማው ስብከት የለም። ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ከፍቶ ስለ አውሬው፣ ስለ ምልክቱና ስለ ንጥቀት የሚናገሩ ትምህርቶችን እስከ እኩለ ሌሊት ያዳምጣል። ክፉ ዘመን እየመጣ ነው ብሎም ጓዳውን በዱቄት፣ በምስርና በዘይት ሞልቶታል። ሚስቱ ግን አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችን፦ «ቤታችን ውስጥ ስለ ሰባቱ ዓመት መከራ ብዙ ትምህርት አለ። ለሰባት ደቂቃ የሚሆን ጨዋታ ግን የለንም። አብረን ከጸለይን ስንት ጊዜያችን! ከጎናችን ያለችው እኅት ከወለደች ወር ሊሞላት ነው፤ እስካሁን ገብተን አልጠየቅናትም።»

ባልየው ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ዝምታ እኔንም ወቀሰኝ። ስለ ጌታ መምጣት ስሰብክ የኖርሁ ሰው በመንደሬ ካሉት ቅዱሳን የስንቱን ቤት ደጃፍ አውቃለሁ?

ወገኖች፣ ቀን መቁጠር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ክፉ ነገር ባዩ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይላሉ። በአገራችን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ስለሚታሰብ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1500 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ ከሄድን ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ከገባን ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል!

በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የዊልያም ሚለርን ትምህርት የተከተሉ ብዙ ሰዎች ጌታ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ይመጣል ብለው ጠበቁ። ከእነርሱ መካከል አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ከዚያም ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ የሬዲዮ ሰባኪ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2011ን አወጀ፤ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው ማስታወቂያ ያሠሩ ተከታዮችም ነበሩ። ያም ቀን አለፈ። በእነዚህ ሰዎች አንሳቅባቸው። ጌታን መናፈቃቸው ስሕተት አልነበረም። የተሳሳቱት አብ ብቻ የሚያውቀውን ቀን (ማቴ. 24፥36) እናውቃለን በማለታቸው ነው።

ታዲያ መዘጋጀት ማለት ምን ማለት ነው? ሐዋርያው ጴጥሮስ በ1ኛ ጴጥ. 4፥7-9 የሁሉ ነገር ፍጻሜ እንደ ተቃረበ ከተናገረ በኋላ ምን እንዳስከተለ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ቀን አልቆረጠም። እህል አከማቹም አላለም። አእምሮአችን ረግቶ ለጸሎት እንድንነቃ አሳሰበ። ከሁሉም አስቀድሞ እርስ በርሳችን አጥብቀን እንድንዋደድ ለመነ። ከዚያም ያለ ማጉረምረም እንግዳ እንድንቀበል አዘዘ። የዓለም ፍጻሜና የእንግዳ ቡና በአንድ ስፍራ ተነሡ! ጌታም ራሱ በመጨረሻው ዘመን የብዙዎች ፍቅር እንደሚቀዘቅዝ አስጠንቅቆናል (ማቴ. 24፥12)። እንግዲያው የጓዳችን መጉደል ያሳሰበንን ያህል የፍቅራችን መቀዝቀዝ ሊያሳስበን ይገባል።

ይህን ነገር አባቶቻችንና እናቶቻችን በተግባር አይተውታል። በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወሰደ፤ መሪዎቿም ታስረው ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በወቅቱ የነበሯት አባላት 5,000 ያህል ነበሩ። አዳራሹ ሲዘጋባቸው ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፤ ዝማሬውም ድምፅ ሳይሰማ ነበር። ቤታቸውን የከፈቱና ትንሹን ኅብረት ያገለገሉ ብዙ እኅቶች ነበሩ። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ነፃነት ሲመጣ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ክፉ ቀን ሰው የሚያስፈልገው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ማወቅ ነበር። ቤቱን የከፈተም ሰው ነገ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ ነው የከፈተው።

እኛም በቅርቡ ትንሽ ፈተና ተፈትነናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ምን ሆንን? አንዳንዶቻችን የሚደውልልን፣ ስማችንን ጠርቶ የሚጸልይልን፣ አስቤዛ ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ወንድምና እኅት ነበረን። አንዳንዶቻችን ግን ለዓመታት አብረን ከዘመርነው ጉባኤ መካከል አንድ ሰው እንኳ አልደወለልንም። እኛም ለማንም አልደወልንም። ስብከቱ በቴሌቪዥን ይመጣ ነበር፤ ቴሌቪዥን ግን የታመመን ሰው አይጠይቅም።

እስቲ እያንዳንዳችን ይህን ጥያቄ እንመልስ፦ በሚቀጥለው እሑድ የአዳራሻችን በር ተዘግቶ ብናገኘው የማንን በር እናንኳኳለን? የእኛንስ በር ማን ያንኳኳል? ስም መጥራት ካቃተን ገና አልተዘጋጀንም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳንስት። ጌታ ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ሲያስተምር (ማቴ. 25፥1-13) ዘይት የለመኑት አምስቱ አላገኙም። ዘይት አይበደርም። ባል በሚስቱ ጸሎት፣ ሚስትም በባልዋ አገልግሎት ሙሽራውን ልትቀበል አትችልም። ልጆቻችንም በእኛ እምነት አይገቡም። እያንዳንዱ ሰው ከጌታ ጋር የራሱ ሕይወት ሊኖረው ይገባል። ታዲያ ኅብረት ምን ይጠቅማል? አሥሩም አንቀላፍተው እንደ ነበር አስታውሱ። ዘይቴን ላበድርህ ባልችልም፣ ገበያው ሳይዘጋ ልቀሰቅስህ እችላለሁ። በትዳርም ሆነ በቤት ኅብረት አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በፍቅር መቀስቀስ፣ በጊዜው።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች ልጥቀስ።

1. ባልና ሚስት በየምሽቱ ለ15 ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡና አንድ ክፍል አንብባችሁ አብራችሁ ጸልዩ። ከ1ኛ ጴጥ. 4 ብትጀምሩ መልካም ነው። የተቀያየማችሁበት ነገር ካለ ከጸሎቱ በፊት ይቅር ተባባሉ። ሁልጊዜ ጌታ ሆይ ና እያልን ተኳርፈን መተኛት አይሆንልንም።

2. በአካባቢያችሁ ካሉ ቅዱሳን ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦችን ጠርታችሁ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኙ። ድግስ አይሁን፤ ድግስ ከሆነ አቅም የሌለው ይሸማቀቅና ይቀራል። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ቃሉን አንብቡ፤ የታመመውን፣ ሥራ ያጣውን፣ አራስ የሆነችውን በስም ጠርታችሁ ጸልዩ። ከጸሎቱም በኋላ ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ ሳትነጋገሩ አትለያዩ።

3. ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነውር አይደለም፤ ዮሴፍም በግብፅ አስቀምጧል። ዮሴፍ ያስቀመጠው ግን ሕዝብ እንዲበላው ነው። የጓዳችሁን መጠን ስታስቡ የጎረቤታችሁንም ሰሐን ጨምራችሁ አስቡ።

4. ስለ ቀንና ስለ ዓመት የሚናገር ትንቢት ወይም ትምህርት ሲመጣላችሁ ብቻችሁን አትዋጡት። ወደ ኅብረቱ አምጡት፤ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ ከሽማግሌዎች ጋር መርምሩት። በፍርሃት ተነሣስቶ ቤት መሸጥ ወይም ሥራ መልቀቅ የእምነት ምልክት አይደለም። ጳውሎስም በተሰሎንቄ ሥራ ፈትተው ለተቀመጡት በጸጥታ እየሠሩ የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ ነው ያዘዛቸው (2ኛ ተሰ. 3፥10-12)።

ያ ወንድምና ያቺ እኅት ከቤታችን ከሄዱ ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። የደወለው ባልየው ነበር። ከጓዳው ዱቄትና ምስር ቀንሰው፣ ሚስቱ ገንፎ አገንፍታ፣ ሁለቱም አራሷን ሊጠይቁ ገብተዋል። «ባልዋ ሥራ ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል» አለኝ። «ግድግዳ ነው የሚለየን፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።» አሁንም ስለ ጌታ መምጣት ያዳምጣል፤ ያዳምጥ፣ መልካም ነው። ማክሰኞ ማታ ግን ስልኩ ይዘጋል፤ ሦስት ቤተሰብ እነርሱ ቤት ይሰበሰባል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታ በእርግጥ ይመጣል። ሲመጣ ቀኑን በትክክል ማስላታችንን አይጠይቀንም። የተራበውን ማብላታችንን፣ እንግዳውን መቀበላችንን፣ የታመመውንና የታሰረውን መጠየቃችንን ግን እንደሚጠይቀን አስቀድሞ ነግሮናል (ማቴ. 25፥31-46)። ስለዚህ ዛሬ ማታ በራችሁን ከፍታችሁ አንድ ቤት ሂዱ።

ማራናታ! ጌታ ቤታችሁንና ኅብረታችሁን ይባርክ።