ውሃ የሚያነሣ ትምህርት

«ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሐሰት ነው አንልም። ለመሆኑ ግን ትምህርት አገርን የሚያሳድገው በምን መንገድ ነው? ዲፕሎማ የያዘ ሰው በመብዛቱ ብቻ ነውን? ይህን እኛ ተማሪዎች ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ?

እነነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ለሥልጣኔ ምሳሌ አድርገው ያዩአት የነበረችው ጃፓን ናት፤ እኛም ወደዚያው እንመልከት። ጃፓን በ1872 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ልጆች ሁሉ እንዲማሩ በሕግ አዘዘች። በማግሥቱ ዓመት ግን ትምህርት ቤት ያቃጠሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ወጪው በእነርሱ ላይ ወድቆ ጥቅሙ ገና አልታያቸውም ነበርና።

ጥቅሙ እንዴት እንደሚታይ የኪዮቶ ከተማ ታሪክ ያስረዳናል። መናገሻነቷ በ1869 ወደ ቶኪዮ በመዛወሩ ኪዮቶ ተዳክማ ነበር። ታናቤ ሳኩሮ የተባለ የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የቢዋን ሐይቅ ውሃ በቦይ ወደ ኪዮቶ ስለ ማምጣት ጻፈ። በ1883 በ21 ዓመቱ ሲመረቅ የአገሩ ገዥ ሥራውን ለእርሱ ሰጠው። ሕዝቡም ልዩ ግብር ከፈለበት፤ ቦዩ በ1890 ተፈጸመ። በ1891 በዚያው ውሃ የኤሌክትሪክ ኃይል ተገኘ፤ በ1895 ደግሞ የኤሌክትሪክ ትራም በከተማይቱ መንገድ ሄደ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዕውቀት ብቻውን ቦይ አልቆፈረም። ጥያቄውን ከአገሩ ችግር የወሰደ ተማሪ፣ ጽሑፉን ቁም ነገር ብሎ የተቀበለ ባለሥልጣንና ገንዘቡን ያወጣ ሕዝብ ተገናኙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር።

የእኛ ጽሑፍ ግን የት ነው ያለው? ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገልጠው የከርሞ ተማሪ ነው፤ እርሱም ለመገልበጥ። እኛም ዲፕሎማችንን ታቅፈን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዞራለን። አገሩ ግን ያልተሠራ ሥራ ሞልቶታል።

«ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ሰሚ ባለሥልጣን በሌለበት የተማሪ ጽሑፍ ብቻውን ፋይዳ የለውም። የመጀመሪያው ድርሻ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ልማድ እንዲጀምር እናሳስባለን፦ ርእስ ከመምረጣችን በፊት ገበሬውን፣ ሸማኔውንና ማዘጋጃ ቤቱን «ምን ቸገራችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ የደረስንበትንም በሚገባቸው ቋንቋ በሁለት ገጽ ጽፈን ለእነርሱ እንመልስ። ያን ጊዜ ዝም ያለን ባለሥልጣን በድፍረት ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።