‘ተዘግቷል’ ማለት ‘ጸድቋል’ ማለት ነው? ኮድ የሚፈትሹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች እና የሚያነቡት ማብራሪያ

በጅቡቲ ከተማ፣ በቡላኦስ ኮሚዩን የሚገኘው ካርቲየ 5 ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ የሚሰሙበት ሰፈር ነው። ከዚህ ሰፈር ለቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ገንዘብ የሚልክ ኢትዮጵያዊ፣ ወይም ወደብ ላይ ያለ ኮንቴይነር ሰነዱ የት እንደደረሰ የሚከታተል የትራንዚት ሠራተኛ፣ ጉዳዩ የሚያልቅለት የባንኩ፣ የቴሌኮሙና የጉምሩኩ ኮምፒውተሮች በትክክል ሲሠሩ ነው። እነዚህን ኮምፒውተሮች የሚያዝዘው ኮድ ሲቀየር ማን እንዳየውና ማን እንደፈቀደው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስህተት ሲፈጠር ግን መዘዙ እርሱም ዘንድ ይደርሳል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የገጠመው ችግር ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በስልክ ተዛመተ፤ በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ረዣዥም ሰልፎች ታዩ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ አብዛኛውንም ማስመለሱን ባንኩ በኋላ አስታውቋል። በይፋ የተሰጠው ምክንያት የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እክል ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚህ ውስጥ አልተነሳም። ክስተቱ ያሳየው ግን እንደ ዘወትር ሥራ የሚታይ አንድ ለውጥ በአንድ ሌሊት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነው።

አንድ ፕሮግራመር የጻፈውን ለውጥ ሌላ ሰው ሳያየው ሥራ ላይ እንዳይውል ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። የአይቢኤም ባለሙያ የነበሩት ማይክል ፋጋን ደረጃ በደረጃ የሚካሄድ የኮድ ፍተሻ ዘዴን እ.አ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ አስተዋውቀዋል። ያኔ ፈታሾቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ ለውጡ ጊትሀብን በመሳሰሉ መድረኮች ላይ ‘ፑል ሪኵዌስት’ በሚባል ጥያቄ ይቀርባል። አሁን ደግሞ ኮዱን የሚጽፈው፣ ፍተሻ የሚጠብቁትን ጥያቄዎች ዘርዝሮ ለኃላፊው የሚያቀርበውም ‘ኤጀንት’ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል እየሆነ ነው።

ወኪሉ ዝርዝሩን የሚያመጣው በተሰጠው መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው ጋር ምን እንደሚሠራ፣ ምን መረጃ እንደሚጠይቅና ምን እንደሚመልስ የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ አለ። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.አ.አ. በ2024 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ‘ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል’ ይህን አሠራር በስፋት አዛምቶታል። ማብራሪያው ጎደሎ ሲሆን ሰው ባልደረባውን ይጠይቃል። ወኪሉ ግን ብዙ ጊዜ ክፍተቱን በግምት ሞልቶ ይቀጥላል፤ ግምቱንም በእርግጠኛ አንደበት ያቀርበዋል።

የጊትሀብን ዝርዝር ብቻ ማየት ይበቃል። ስንት እንደሚፈለግ ካልተነገረው በአንድ ገጽ የሚመልሰው 30 ጥያቄዎችን ነው፤ ቢጠየቅም በአንድ ገጽ ከ100 አይበልጥም። በተጨማሪም ካልታዘዘ በቀር የሚያሳየው ክፍት የሆኑትን ብቻ ነው። ማብራሪያው ይህን ካልነገረው፣ 45 ለውጦች ፍተሻ በሚጠብቁበት ድርጅት ወኪሉ ሠላሳውን አይቶ “የቀሩት እነዚህ ናቸው” ብሎ ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል። ‘ተዘግቷል’ የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው። ጸድቆ ከዋናው ኮድ ጋር የተዋሐደውም፣ ውድቅ ተደርጎ የተተወውም በዚሁ አንድ ስም ይመዘገባሉ፤ የሚለያቸው የተዋሐደበት ቀን መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ፈታሾቹ የሰጡት ውሳኔም ከዝርዝሩ ጋር አይመጣም፤ ለየብቻ መጠየቅ አለበት። እነዚህ ሦስት ነጥቦች በማብራሪያው ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢይዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ግን ለጻፋቸው ባለሙያ ግልጽ ስለሚመስሉ ነው።

ሌላው አደጋ ከዝርዝሩ ይዘት ይመጣል። የጥያቄዎቹን ርዕስና ዝርዝር መግለጫ ማንም የውጭ ሰው ሊጽፍ ይችላል። ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.አ.አ. በግንቦት 2025፣ በሕዝብ ገጽ ላይ የተለጠፈ ተንኮል ያዘለ ጽሑፍ ያነበበ ወኪል ከግል ማከማቻ መረጃ አውጥቶ እንዲያጋልጥ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ወኪሉ የሚያነበው ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ መረጃውን ከትእዛዙ ለመለየት ይቸገራል። ማብራሪያው “ከዚህ የሚመጣው የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው” ቢለው ይረዳዋል፤ ብቻውን ግን ጋሻ አይሆነውም።

ለምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎች የቋንቋው ጉዳይም አለ። ማብራሪያዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በጅቡቲ ትምህርት በፈረንሳይኛ የተማረው ወጣትም፣ በኢትዮጵያ ያለው ባልደረባውም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ያነባቸዋል። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በ2016 ዓ.ም. የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቶችን ከፕሮግራሚንግ፣ ከአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ከዳታ ሳይንስና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ጋር ያስተዋውቃል። ኮዱን ማሽን በሚጽፍበት ዘመን ግን የእነዚህ ወጣቶች ከባዱ ሥራ መጻፍ ሳይሆን ሌላው የጻፈውን አንብቦ “ይህ አይለፍ” ማለት ይሆናል። ይህ ደግሞ በአጭር የኢንተርኔት ሥልጠና የሚገኝ ችሎታ አይመስልም።

ጊትሀብ አንድ ለውጥ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ፈታሾች ሳያጸድቁት እንዳይዋሐድ የሚያግድ ቅንብር አለው፤ ጥያቄውን ያቀረበውም የራሱን ሥራ ማጽደቅ አይችልም። ቅንብሩን የሚያበራው ግን ድርጅቱ ራሱ ነው። ወኪሉ የሰውን ሳይሆን የራሱን መለያ ይዞ እንዲሠራ ማድረግ፣ የሰጠው ዝርዝር ስንት ገጽ እንደነበረ መመዝገብ፣ የመጨረሻውን ፈቃድ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ በስም መያዝ፣ ሁሉም የድርጅቱ ውሳኔዎች ናቸው። በካርቲየ 5 ገንዘቡ ያልደረሰለት ሰው ለአቤቱታው መልስ የሚያገኘው እነዚህ መዝገቦች በሥፍራቸው ካሉ ነው።