አረቄው ከቴሌቪዥን ወረደ፣ ካርቶን ላይ ወጣ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ፣ ለጂንና ለኡዞ አምራች ከቀሩት ጥቂት መድረኮች አንዱ የሻጩ መደርደሪያ ነው፡፡ በጠርሙስ ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን፣ ከጠርሙስ አንገት የሚንጠለጠል ወረቀት፣ ደርዘን ጠርሙስ የሚሸከም የካርቶን ማቆሚያ በውጭው ዓለም የቆዩ ዘዴዎች ናቸው፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል ፊት ለፊቱ የቆመ ዕቃ ያሸንፋል፡፡

ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ የመጠጥ ገበያ የሱፐርማርኬት ገበያ ብቻ አይደለም፡፡ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከዘነበ ወርቅ እስከ ቆሼ ባለው ሰፈር፣ ገበያው የግሮሰሪውና ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚቸረችረው ጠባብ ሱቅ ነው፡፡ ባለሱቁ ለማቆሚያው የሚለቀው ወለል የአንድ ጆንያ ስኳር ቦታ ነው፡፡ ታዲያ ኪራዩን ማን ይከፍላል? አምራቹ በነፃ ልጠቀም ካለ ካርቶኑ በሳምንቱ ጓዳ ገብቶ የዕቃ መሸፈኛ ይሆናል፡፡

ወጪውም ቀላል አይደለም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ60 ብር በታች ከነበረበት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፡፡ ከውጭ በሚገባ ወረቀትና ቀለም የሚታተም፣ ዕድሜው አጭር የሆነ ካርቶን የሚያዋጣው ሽያጩ ሲቆጠር ነው፡፡ አምራቹ በብዛት ከማሳተሙ በፊት በጥቂት መደብሮች ሞክሮ፣ ካርቶን ከሌላቸው መሰል መደብሮች ጋር የወር ሽያጫቸውን ያወዳድር፡፡

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሕጉ ጉዳይ ነው፡፡ ያው አዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፡፡ ዘይት ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ በሚቆምበት ባንኮኒ የአረቄ ሥዕል ማቆም ከአዋጁ መንፈስ ጋር አይሄድም፡፡ አየርላንድ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች መጠጡን ከሌላው ዕቃ ለይተው እንዲያስቀምጡ አስገድዳለች፡፡ ለእኛም አገር አምራች የሚበጀው ካርቶኑን ከሱቅ አውጥቶ አዋቂ በሚገባበት ግሮሰሪና መጠጥ ብቻ በሚሸጥ መደብር መወሰን ነው፡፡ «በር ውስጥ ያለ ማስታወቂያ አይደለም» በሚል ክርክር ገንዘብ ከማፍሰስ፣ አስቀድሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጽሑፍ መጠየቅ ይረክሳል፡፡

በመጨረሻም ካርቶኑ የት ይወድቃል? የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሼ ነው፡፡ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል፡፡ ተራ ካርቶን ሰብሳቢና ገዢ አለው፤ ተፈጭቶ እንደገና ወረቀት ይሆናል፡፡ በፕላስቲክ ተለብጦ በወርቃማ ፎይል ያጌጠው ግን ለመፍጨት ያስቸግራልና ፈላጊው ጥቂት ነው፡፡ ስለዚህ አምራቹ ማተሚያ ቤቱን ያለ ልባጥና ያለ ፎይል እንዲያትምለት ይዘዘው፡፡ ለራሱ ወጪ ይቀንስለታል፤ ካርቶን ሰብስቦ ለሚያድረው ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ ይተርፈዋል፡፡