ስሙ «ሥራ»፣ ቦታው መሳቢያ

የክሪስ ሪቭ ሰቤንዛ ይሻላል ወይስ የሪክ ሂንደረር ኤክስ ኤም 18? ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ሁለቱም አሜሪካ የሚሠሩ፣ ከ400 ዶላር በላይ የሚያወጡ ሰንጢዎች ናቸው። የሂንደረሩ የስለት ጀርባ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ የሰቤንዛው ወደ 3፣ ስለዚህ ለመቁረጥ ይቀላል።

እኔ ግን «የከባድ ሥራ ሰንጢ» የሚባለው የነጋዴ ወሬ ነው እላለሁ። የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ድክመቱ መታጠፊያው ላይ ነው። ለመፈልቀቅ ከሆነ የማይታጠፍ ቢላ ያዙ። ገመድና ካርቶን ለመቁረጥ ከሆነ፣ ከ1890 ጀምሮ የሚሠራው ባለ እንጨት እጀታው የፈረንሳይ ኦፒኔል በአንድ አሥረኛ ዋጋ ይበቃል።

«ሰቤንዛ» በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። ስንቱ ባለቤት ግን ይቧጨርብኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል! ውበቱን ወደን ገዛን እንበል፤ በሥራ አናሳብብ።