ተራራው ወኪል አለው፣ መጽሐፉስ?

ስሜን ተራሮችን ሊያይ የመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ወደ ሳንቃ በር አይወጣም። መጀመሪያ ደባርቅ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። መግቢያውን ይከፍላል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚ ይይዛል፣ ጓዙን የሚጭንለት ባለበቅሎና ምግብ የሚያበስልለት ሰው ይቀጥራል። አስጎብኚውም ባለበቅሎውም ማኅበር አለው፣ ተራ አለው፣ ዋጋው ይታወቃል። ተራራው ስለ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩለት፣ እነሱም ከሱ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉት።

ባለፈው ወር እዚያው ደባርቅ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት አንድ መምህር ቀጥሮኝ ነበር። ጋቢውን ከትከሻው ሳያወርድ ከፌስታል ውስጥ አራት ባለ 50 ሉክ ደብተሮች አወጣ። ልብ ወለድ ነው፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የአንድ ሹፌርና የረዳቱ ታሪክ። ሦስተኛው ደብተር ላይ ሻማ ተንጠባጥቦ ገጾቹን አጣብቋቸዋል። የተጣበቀውን ክፍል በሌላ ወረቀት እንደገና ጽፎ በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ሻዩ ሳይመጣ ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ኤጀንት የሚሉት የደራሲ ወኪል አለ አሉ። እሱን የት ነው የማገኘው?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔ እስከማውቀው እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን እንደሌለ ለመናገር ከበደኝ።

የደራሲ ወኪልነት በለንደን ሙያ ሆኖ ከተጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወኪሉ ረቂቁን ያነባል፣ «ይኼ ምዕራፍ ይውጣ» ይላል፣ ለየትኛው አሳታሚ እንደሚስማማ ያውቃል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ውሉን መርምሮ ያስፈርማል፣ ክፍያው ከዘገየ ይጨቀጭቃል። የሚያገኘው ደራሲው ካገኘው ላይ ተቆርጦ ነው፤ በአገር ውስጥ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ 15፣ ወደ ውጭ ሲሸጥ 20 በመቶ። መጽሐፉ ካልተሸጠ እሱም ባዶ እጁን ይቀራል። የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱ ኪስ አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ወኪሉ የሚደራደረው አካል ራሱ ሳስቷል። አታሚ ሞልቷል፤ የጠፋው አሳታሚ ነው። አታሚ ገንዘብህን ተቀብሎ ያትምልሃል። አሳታሚ ግን የራሱን ገንዘብ በሥራህ ላይ ያውላል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ደራሲው ረቂቁን ይዞ የሚያንኳኳው በር ነበረው። ሳንሱሩን ማንም አይናፍቀውም። ያ በር ከተዘጋ በኋላ ግን አብዛኛው ደራሲ ጸሐፊም፣ አሳታሚም፣ ጫኝም፣ ገንዘብ ሰብሳቢም ሆኖ ቀረ።

እኔም እንዲሁ ሆኛለሁ። የመጀመሪያ መጽሐፌን ለማሳተም ከዳባት ተነስቼ አዲስ አበባ ስገባ ከዘመድ የተበደርኩትን ገንዘብ ጃኬቴ ውስጥ ሰፍቼ ነበር። ማተሚያ ቤቱ 3,000 ቅጂ አወጣልኝ። አንድ አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው 35 በመቶ ለራሱ ሊያስቀር ተስማምተን ሁሉንም ተረከበኝ። በመካከላችን የነበረው አንዲት ደረሰኝ ብቻ ናት። የ1,100ውን ከፈለኝ፤ ስለ ቀሪው ስጠይቅ «አልሄደም» አለኝ። ስልክ ስደውል ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ አዟሪ ከክንዱ ላይ ከደረደራቸው መጻሕፍት መካከል የራሴን አየሁት። ዋጋውን ጠየቅኩት፤ ከሽፋኑ ዋጋ በላይ ጠራ። ገዛሁት። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ለሆዱ ነው የሚዞረው። እኔን ያንገበገበኝ መጽሐፉ እየተሸጠ፣ እየተነበበ፣ ስለ እኔ ግን «የደራሲው ድርሻስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት አሠሯት ይባላል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የተጫነባት ግን ድል አድርገው የገቡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከዚያ አዟሪ ፊት ቆሜ የታወሰችኝ እሷ ናት፤ አንዱ የደከመበትን ሌላው ወሰደው።

መምህሩ ዓይኑ ለንደን ላይ ነበር። አልፈርድበትም፤ ግን ያ መንገድ ለአማርኛ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ነገርኩት። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታተመ፤ ታገደም። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የሚያህል ስም ያለው ልብ ወለድ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመው በፈረንጆቹ 2025 ነው። ከ40 ዓመት በላይ! ፖለቲካው የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ግን ፖለቲካው ከተለወጠም 30 ዓመት አልፎ ነበር። ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እ.ኤ.አ. በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ የገባው በእንግሊዝኛ በጻፈው ልብ ወለድ ነው። ለቡከር ሽልማት በ2020 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል የነበረችው መዓዛ መንግሥቴም የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የለንደን ወኪል አማርኛ አያነብም። እሱ ዘንድ ለመድረስ በጥሩ ተርጓሚ የተሠራ ናሙና ምዕራፍና ታሪኩን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ማጠቃለያ ያስፈልጋል። ይህንንም ማን ያዘጋጅለት?

ስለዚህ መምህሩን ሦስት ነገር መከርኩት። በፌስቡክ «ወኪልህ ልሁን፣ መጀመሪያ ለምዝገባ ይህን ያህል ላክ» የሚልህ ሰው ሌባ ነው፤ እውነተኛ ወኪል ቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ያለ ጽሑፍ ውል አንዲት ቅጂ እንዳትሰጥ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንደሆነ ይደነግጋል። ሦስተኛ፣ ደብተሮቹን ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ይኼኛውን ሻይ ቤቱ ውስጥ እያለን ጀመርነው፤ እኔ ገጽ እየገለጥኩ፣ እሱ እያነሳ።

ወኪል የሚሆነው ሰው ከሰማይ አይወርድም። ሒሳብ መያዝ የሚችል፣ ማንበብ የሚወድ፣ ውል ማንበብ የማይሰለቸው፣ አዲስ አበባ ካሉ ማተሚያ ቤቶችና መጽሐፍ መደብሮች ጋር የሚነጋገር አንድ ወጣት ይበቃል። ደባርቅ ይህን ሥራ በበቅሎ፣ በአስጎብኚና በተራ ከለመደችው ቆይታለች። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አላት። ዩኒቨርሲቲው አንዲት ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ቢሰጥ፣ ሁለት ተመራቂዎች ከሽያጩ ላይ ብቻ በሚቆረጥ 15 በመቶ ቢሠሩ፣ ከወገራና ከስሜን የሚወጣ ረቂቅ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

እኔ አራቱንም ደብተሮች አንብቤ ጨርሻለሁ። ሥራው መታተም ያለበት ነው። ይህን የምታነብ የደባርቅ፣ የዳባት ወይም የጎንደር ወጣት፣ ይህን ሙያ ልትሞክረው ካሰብክ ወይም ካሰብሽ የመጀመሪያው ደንበኛ ዝግጁ ነው፤ በዚህ ጋዜጣ በኩል ጻፉልኝ።