ቀለም አይሸፍንም!

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ቀለም ሲነካው ይጠፋል።» ከአናጺ አፍ ከሚወጣ ነገር ሁሉ እንደዚህች ዐረፍተ ነገር ደሜን የሚያፈላው የለም። መጋዙ የሸረከተው ጠርዝ፣ መላጊያው የቦጨቀው ገጽ፣ መጋጠሚያው ዙሪያ አብጦ የደረቀው ኮላ፤ ለሁሉም መልሱ ያቺው ናት። ደንበኛውም ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀብድ ይጨምራል፣ ይሄዳል። በኋላ ቤቱ የሚገባው ቁም ሳጥን ዝንጉርጉር ነው፤ እዚህ ጠቁሮ፣ እዚያ ገርጥቶ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ድመት የቧጨረችው ይመስል።

አይጠፋም! የሚሸፍነው የግድግዳና የብረት ቀለም ነው፤ እሱ ከላይ ተለጥፎ ይቀራል። የእንጨት ማቅለሚያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጭረት ካገኘ እዚያ ይጠራቀማል፣ ጭረቷም ትጠቁራለች። ኮላ ካገኘ መግቢያ ያጣል፣ ቦታውም ነጥቶ ይቀራል። ጥሬው እንጨት ላይ ዓይናችን ያላየውን ጥፋት ሁሉ ማቅለሚያው አደባባይ ያወጣዋል።

በተለይ ጥድ ላይ! ዛሬ ጣውላ ቤት ገብታችሁ «ጥድ» ስትሉ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ። የአበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ደግ አደረገ። ዓይናችን ግን ከዋንዛ ላይ አልተነሳም። በፈረንጅ ጥድ እያሠራን «ዋንዛ አስመስልልኝ» እንላለን። አናጺው ምን ያድርግ? ጥቁር ቡናማ ይደፋበታል፣ በላዩ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይጭንበታል።

ጥድ ደግሞ ቀለም እኩል አይጠጣም። በእያንዳንዱ የዕድገት ቀለበት ውስጥ ሁለት ዓይነት እንጨት አለ። ዛፉ ፈጥኖ ባደገበት ወቅት የተሠራው ነጣ ያለው ክፍል ልልና ጠጪ ነው። ዕድገቱ በዘገየበት ወቅት የተሠራው ቀጭኑ ጠቆር ያለ መስመር ጥብቅ ነው፤ እምብዛም አይጠጣም። ማቅለሚያው ሲያርፍ ነጩ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ መስመር ገርጥቶ ይቀራል፤ የእንጨቱ መልክ ተገለበጠ ማለት ነው። የጣውላው የተቆረጠ አፍ ከገጹ አብልጦ ስለሚጠጣ ከሰል ይሆናል። ጉጥ ያለበት ቦታ በሙጫው ምክንያት ያምጻል። እንግዲህ ይህ ዋንዛ ነው? ጥድስ ነው?

መላ አለው፤ ግን ላብ ይጠይቃል። መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ! ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን ጣውላ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በክረምት ከመኪና ወርዶ በማግስቱ የሚላግ ጣውላ ቀለሙን ከተቀባ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 120፣ 180፣ በቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። ከ80 ወደ 180 የሚዘል ሰው የ80ውን ጭረት ይዞት ይቀራል፤ ጅማቱን አቋርጦ የሚፈትገውን ደግሞ እኔ ቤት አታስጠጉብኝ። አቧራው በደንብ ይጠረግ። ከዚያ በስፕሪት በጣም የቀጠነ ሸላክ አንድ እጅ መላ ገጹን ይነካ፤ ጉጡ ላይ ይደገም። ጠጪው ክፍል ጥሙን ቀድሞ ሲቆርጥ ማቅለሚያው ተቀራርቦ ያርፋል። ማቅለሚያውን በጨርቅ መቀባት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተረፈውን መወልወል። ሁሉም ቀድሞ በቁራጭ ላይ ይሞከር፤ ቫርኒሹም ጭምር፣ ቫርኒሽ ሲደረብበት ቀለሙ ይጨልማልና።

ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትወረውሩት። ብዙ ማቅለሚያ ውስጥ የተልባ ዘይት አለ። ይህ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ነው፤ ሲዋሃድም ይሞቃል። የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ፣ ክብሪት ሳይነካው፣ በራሱ ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ነጠላ ነጠላውን ተዘርግቶ ይድረቅ።

የፓሌት እንጨት ፈትታችሁ መደርደሪያ የምትሠሩ ወጣቶችም ማኅተሙን እዩ። «ኤችቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። «ኤምቢ» የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ቤት አይግባ።

ጥፋቱን ሁሉ አናጺው ላይ አልከምርም። ዋጋውን እስከ አጥንቱ የምንከራከረው እኛ ነን። ከዋጋው ላይ ሲቆረጥ ቀድማ የምትሠዋው የማለስለሻዋ ቀን ናት፤ ቁመትና ስፋት በሜትር ይለካል፣ ማጠፊያና ቁልፍ በዓይን ይታያል፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የዋለን ሰው ድካም ግን ማንም አይቆጥርለትም። እንዲህ አድርገን አስተምረነው ስናበቃ «ባለሙያ ጠፋ» ብለን እናማርራለን!

ስለዚህ ዕቃ ስታሠሩ የማለስለሻውን ቀን ለብቻው ተዋዋሉ፣ ለብቻውም ክፈሉ። ማቅለሚያ ከመነካቱ በፊት ሄዳችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ ካልለሰለሰ መልሱት። ዋንዛ አስመስልልኝ ማለቱንም ተዉት። በደንብ ለተላገ ጥድ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ይበቃዋል።