ተማሪ የባልንጀራውን ጽሕፈት ሊያርም ይገባዋልን?

መጻፍ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ የጻፈውን ሰው ሲመረምርበት ደስ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ስለምን ቢሉ፥ ጽሕፈት የልብ ልጅ ነውና ነው። ወላጅ የልጁን ጉድለት እንዳያይ ፍቅር ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ደራሲም እንዲሁ የድርሰቱን ነውር እንዳያይ የገዛ ሐሳቡ ይጋርደዋል። ስለዚህ ለሚጽፍ ሁሉ ከራሱ ዓይን ሌላ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገዋል።

ይህ እውነት ሆኖ ሳለ፥ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የጻፉትን እርስ በርሳቸው ይመርምሩ፥ ይተራረሙም በተባለ ጊዜ ሦስት ዓይነት ተቃዋሚ ይነሣል። አንደኛው፥ «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው፤ ለአገራችን ልጅ አይስማማውም» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ማረም የመምህር ሥራ ነው፤ ተማሪ ተማሪን ቢያርም ዕውር ዕውርን እንደ መምራት ነው» የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ የባሰ ነው፤ ይኸውም በአፉ እሺ ብሎ በሥራው የሚያፈርሰው ነው። ለሦስቱም በየተራቸው መልስ ይገባቸዋል።

ለፊተኛው የሚሰጠው መልስ ከሩቅ አይፈለግም፤ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ይገኛል። ይህ አገር የጉባኤ አገር ነው። ድጓ የተማረ ሰው የሚያስመሰክርባት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም በጋይንት ነው፤ በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልት ያላት ቆማም በእስቴ ናት። ቅኔ የፈለገ የዚህ አገር ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ወይ በምሥራቅ ወደ ዋድላ ይወጣል፥ ወይ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፥ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ መንገድ ይሄዳል። በሄደበትም ሁሉ የሚያገኘው ሥርዓት ተማሪ ከተማሪ የሚማርበት ሥርዓት ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው መንገዱን አይቶ ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄድና የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ቈጥሮ ሲመለስ በቀጥታ ከመምህሩ ፊት የሚቆም አይደለም። አስነጋሪ የሚባል በትምህርት የቀደመው ተማሪ አለ፤ ለእርሱ ይነግራል። አስነጋሪውም፥ «ይህ ግስ እዚህ አይገባም፤ ይህ ቤት ጐደለ፤ ሰምህ ከወርቅህ አልተጋጠመም» ይለዋል እንጂ ቅኔውን ራሱ ሠርቶ አይሰጠውም። ተማሪውም ተመልሶ ይቈጥራል። ማታ በጎጆ፥ ቀን በጉባኤ፥ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ቅኔ ሲያነሡና ሲጥሉ፥ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በመጨረሻ ፍርዱ የመምህሩ ነው፤ ነገር ግን ቅኔው ከመምህሩ ዘንድ ሳይደርስ በብዙ ጆሮ ተጣርቷል።

እንግዲህ ይህን የባዕድ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው የገዛ አገሩን ሥርዓት አያውቅም ማለት ነው። የውጭ ሰዎችም ቢሆኑ ነገሩን ያገኙት በየጊዜው ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንድሩ ቤል የሚባል የስኮትላንድ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ ልጆች ልጆችን እንዲያስተምሩ አደረገና በ1797 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጻፈ፤ እንግሊዝም እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ፒተር ኤልቦው ሰዎች በማኅበር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጽሕፈት እየሰሙ መጻፍን እንዲማሩ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱም ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ በቤቱ ያደረ ነገር ነውና።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ይህ ሰው «ዕውር ዕውርን ቢመራ» ሲል የሚመስለው፥ አራሚ የሚሆን ሰው ከጸሐፊው የበለጠ ዐዋቂ ሊሆን ግድ ነው ብሎ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ፥ «አጎቴ ከአባቴ ጋር ተጣልቶ በሬውን ስለ ሸጠበት ወደ ዳኛ ሄደ» ብሎ ጻፈ እንበል። ፊደሉ አልተሳሳተም፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። ነገር ግን በአጠገቡ የተቀመጠው ባልንጀራው ቢያነበው፥ «ሻጩ ማን ነው? በሬው የማን ነበር? ወደ ዳኛ የሄደውስ ማንኛው ነው?» ይለዋል። ጸሐፊው ይህ ጥያቄ ከቶ አልመጣለትም፤ ነገሩ በቤቱ የተደረገ ስለ ሆነ ሻጩንም፥ በሬውንም፥ ከሳሹንም ያውቃቸዋልና። ባልንጀራው የረዳው በዕውቀቱ አይደለም፤ ባለማወቁ ነው። በጸሐፊው ልብ ያለውን የማያውቅ፥ በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው፥ እርሱ አራሚ ለመሆን የሚበቃ ነው። መምህሩ እንዲያውም በዚህ ነገር ከተማሪው ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የብዙ ልጅ ጽሕፈት ማንበብ ስለ ለመደ፥ የተጣመመውን በልቡ አቃንቶ ያልፈዋል።

ደግሞም ቍጥር ይመስክር። በአንድ ክፍል 60 ልጆች ቢኖሩ፥ መምህሩም ለእያንዳንዱ ጽሕፈት 10 ደቂቃ ቢሰጥ፥ አንዱን ዙር አርሞ ለመጨረስ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ክፍሉ አንድ ብቻ ባልሆነለት መምህር ይህ የማይቻል ነው። ስለዚህ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ልጁ በዓመት አንድ ጊዜ ይጽፋል፥ ወይ የጻፈው በቀይ ቀለም ምልክት ብቻ ተደርጎበት ሳይነበብ ይመለስለታል። «ማረም የመምህር ሥራ ነው» የሚለው ሰው ሥራውን ለመምህሩ እያስከበረ ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ ጽሕፈትን ከትምህርት ቤት እያስወጣ ነው።

ሦስተኛው፥ በሥራ የሚያፈርሰው፥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። ሐሳቡ የበረታው የደከመውን እንዲረዳ ነበር፤ በብዙ ክፍል ግን የበረታው ሠራ፥ አምስቱ ገለበጡ። ጽሕፈት በሚታረምበት ጊዜም እንዲሁ ይደረጋል፤ መምህሩ «ደብተር ተለዋወጡ» ብሎ ይወጣል፤ ልጆቹም ወይ «ጥሩ ነው» ብለው ይፈርማሉ፥ ወይ ወዳጅ ለወዳጅ ማርክ ይሰጣጣሉ፥ ወይ የአንዲት ፊደል ግድፈት ይዘው ይሣሣቃሉ። ይህን ያየ ሰው «መተራረም አይጠቅምም» ይላል። ያየው ግን መተራረም አይደለም፤ ደብተር መለዋወጥ ነው። የቅኔ ቤት እንዲህ ያለውን ጨዋታ አያውቅም፤ ሕግ አለውና።

ሕጉም አራት ነው። የመጀመሪያው፥ እያንዳንዱ አስቀድሞ ብቻውን ይሠራል፤ ያልቈጠረ ሊናገር አይችልም፥ ያልጻፈም የሚታረምለት የለውም። ሁለተኛው፥ የሰማ ሰው ከመንቀፉ በፊት የሰማውን መመለስ አለበት። የባልንጀራውን ቅኔ በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚነጥቅ ተማሪ በቅኔ ቤት የሚከበረው ስለዚህ ነው፤ በክፍልም ልጁ «አንተ ያልኸው ይህን ነው» ብሎ በራሱ ቃል ሳይመልስ የነቀፋ ቃል እንዳይወጣው ይሁን። ሦስተኛው፥ ነውር ሁሉ ስም አለው። በቅኔ ቤት «ደስ አላለኝም» የሚል ነቃፊ ይሣቅበታል፤ ጸያፉ የቱ ላይ እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚባልም ሊናገር ይገባዋል። ልጆችም «ባለቤቱ ጠፍቷል፤ ነገሩ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ ምክንያቱ አልተነገረም» ማለትን ከመምህራቸው ይማሩ። አራተኛው፥ አራሚ ያመለክታል እንጂ አይሠራለትም፤ ያረመው ሁሉ ደግሞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህር የሌለበት መተራረም ዳኛ የሌለበት ሸንጎ ነው።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤትም ያለ ነውር አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢመጣ፥ እውነቱን ነው። በምሥጢር ነገር መቀናናት፥ ደካማውን በስድብ ማሳፈር፥ በአለንጋ መገሠጽ ነበረበት፤ ይህ ወደ ክፍል ሊገባ አይገባውም። ሴት ልጅም ከጉባኤው ርቃ ኖራለች። ነገር ግን የርቀቷ ምክንያት ችሎታ ማጣት እንዳልሆነ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አስረድተዋል፤ ዓይነ ስውር ሳሉ በጎጃም ቅኔ አስተምረው ወንዶች መምህራንን ያወጡ ሴት ናቸውና። ስለዚህ በስማዳ ወይም በእስቴ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ የወንዱን ደብተር ይዛ «ይህ አልገባኝም» ብትል፥ ሥርዓት ፈረሰ የሚል ሰው አይኑር።

ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፥ ጉዳቱ የሚታይ ስለ ሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህም ተማሪው ከሀ፥ ከለ፥ ከሐ፥ ከመ አንዱን እንዲመርጥ የሚጠየቅበት ፈተና ነው፤ ገጽ ሙሉ ጻፍ ቢባል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጅ 12 ዓመት ተምሮ፥ አባቱ የመሬት ክርክር ሲገጥመው በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለተቀመጠው አቤቱታ ጸሐፊ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጽፍ ከሆነ፥ ትምህርቱ ለማን ሆነ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አቤቱታው ላይ «ሻጩ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ የሚያስነሣ ቃል ከተጻፈ፥ ጠያቂው የክፍል ባልንጀራ ሳይሆን ባላጋራ ነው፥ የሚታጣውም ማርክ ሳይሆን መሬት ነው።

ይህን ለማቃናት ሕንፃ አያስፈልግም፤ የውጭ ዕርዳታም አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን ልጆች በራሳቸው ነገር ላይ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ያንብብ፥ ሁለቱ ይስሙ፥ ሰምተውም ይመልሱ፥ ከዚያም ይጠይቁ፤ ጸሐፊው ደግሞ ቤቱ ወስዶ እንደ ገና ይጻፈው፤ መምህሩም ሁለቱን ገጽ፥ የፊተኛውንና የኋለኛውን፥ አስተያይቶ ይፍረድ። ማርክ የሚሰጠውም ለኋለኛው ገጽ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ይሁን።

ካህናቱም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በየደብሩ ያሉ የቅኔ መምህራን አስነጋሪ እንዴት እንደሚሾም፥ ጸያፍ እንዴት እንደሚነገር፥ ደካማው ሳያፍር እንዴት እንደሚታረም ያውቃሉ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ግን ሊጠይቃቸው አልሄደም፥ እነርሱም ልንገርህ አላሉትም። በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀበሌ አሉ፤ በመካከላቸው ያለው የመንገድ ርቀት አይደለም፥ የመናናቅ ነው። የዘመኑ መምህር የቅኔ ቤቱን ደጃፍ ቢረግጥ፥ የቅኔውም መምህር ክፍሉን ገብቶ ቢያይ፥ ማንም ማዕርጉ አይቀነስበትም። ይህን የማይወድ ቢኖር፥ ልጁ በጻፈው ነገር መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገር።